ማን፣ ምን፣ መቼ

እናቴ በሰው ፊት የማትናገረው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለምትሠራ ነው ብዬ አምን ነበር። ከምትቀመጥበት ጠረጴዛ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ በትልልቅ ፊደል «ጸጥታ ይከበር» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። በእኔ የልጅ አእምሮ ያ ሰሌዳ ማታ ከእሷ ጋር ቤት ይገባል፤ ጠዋት ከእሷ ጋር ይወጣል። ሱቅ ስንሄድ የምትፈልገውን ዕቃ በጣቷ ታሳያለች። ጎረቤት እንደምን ዋልሽ ሲላት አንገቷን ሰበር አድርጋ ፈገግ ትላለች። ስልክ ቢጮኽ አታነሳም።

የእሷን ድርሻ የምታወራላት አክስቴ ነበረች። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌ በከንፈሯ ይዛ እንኳ ወሬ አታቋርጥም። እናቴ አፏን ከፈት ስታደርግ ቃሉን ከምላሷ ላይ ነጥቃ ትጨርስላታለች። «ሻይ ነው የምትዪው? ቀጭን ሻይ ነው የፈለገችው!» ትላለች ለቤቱ ሁሉ። በሆዴ፣ ምን ዓይነት አፈ ፈጣን ሴት ናት እል ነበር። እናቴ ንግሥት፣ አክስቴ ደግሞ የንግሥቲቱ አዋጅ ነጋሪ ትመስለኝ ነበር።

ሁለታችን ብቻ ስንሆን ግን እናቴ ሌላ ሴት ነበረች። ከእራት በኋላ እሷ ሳህን ታጥባለች፣ እኔ በፎጣ አደርቃለሁ፤ ያን ጊዜ ቃሉ ከአፏ እንደ ቧንቧው ውሃ ይወርዳል። ተረት ትነግረኛለች፣ ታሾፍብኛለች፣ ከሁሉም በላይ ጥያቄ ትጠይቀኛለች።

«ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑት በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ነው?»

«አንድ ጊዜ!»

«ሳህኑን መልሺው፣ ድጋሚ ይታጠባል።»

«ሁለት!»

«እንዲህ ነው እንጂ። አሁን አድርቂው።»

ጥያቄ የእናቴ ሥራ ነበር። በከተማችን የአገር ቀን በመጣ ቁጥር፣ ሰልፉ አልፎ የማርሽ ባንዱ ጥሩንባውን ከሣጥኑ ከመለሰ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ይጎርፋል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በጥያቄና መልስ ይወዳደራሉ። ጥያቄዎቹ ስለ በዓላት ናቸው፦ ስለ አዲስ ዓመት፣ ስለ መኸር፣ ስለ ሠራተኞች ቀን፣ ስለ ባንዲራው፣ ስለ መዝሙሩ። እነዚያን ጥያቄዎች ከመጻሕፍት ውስጥ እየለቀመች የምታዘጋጀው እናቴ ናት። መድረክ ላይ ወጥቶ የሚጠይቀው ግን ሌላ ሰው ነው።

ያ ሰው «ነጎድጓዱ» ይባላል። ሌላ ጊዜ በኳስ ሜዳ ድምፅ ማጉያ የሚጮኸው እሱ ነው። መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፣ ከዚያ ሆዱ፣ ከዚያ እሱ ራሱ። የእናቴን ጥያቄ እንደ ራሱ ልጅ ይዞ ይወጣና በመሀል ቀልድ ይጨምርበታል፤ ሕዝቡ ይስቃል። እኔ ከአክስቴ አጠገብ ተቀምጬ «የእኛ ጥያቄ ነው እኮ» እያልኩ በዙሪያዬ ላለ ሁሉ እናገራለሁ። እናቴ በግድግዳው ዳር ባለው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እጇን አጣጥፋ ትሰማለች።

ከምነግራችሁ ነገር በፊት በነበረው ዓመት ነጎድጓዱ አንድ ጥያቄ አበላሸ። ወረቀቱ ላይ «መጀመሪያ» የሚለውን «መጨረሻ» ብሎ አነበበው። የሴቶቹ ትምህርት ቤት ተወዳዳሪ፣ ረጅም ሹሩባ ያላት ልጅ፣ በሰማችው መሠረት በትክክል መለሰች፤ ነጎድጓዱ «ተሳስተሻል!» አላት፤ ቡድኗ በዚያ ተሸነፈ። ያን ጊዜ እናቴ ከወንበሯ ብድግ ስትል አየኋት። አፏ ተከፍቷል። እንደዚያው እንደተከፈተ ቆየ፤ ነጎድጓዱ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ፤ እሷም ተቀመጠች። አዛግታ ነው አልኩ። በበዓል ቀን፣ ያን ያህል ሰው ፊት፣ አፏን በእጇ እንኳ ሳትሸፍን ማዛጋቷ ትንሽ አሳፍሮኝ ነበር።

አላዛጋችም። «ትክክል ናት» ለማለት ነበር የተነሳችው። ቃሉ እምቢ አላት።

ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ ወረቀቱን በጻፈው ሰው ላይ ወደቀ። ነጎድጓዱ «የተሰጠኝን ነው ያነበብኩት» አለ፤ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ እውነት መሰለ። ባለሹሩባዋ ልጅ ከዚያ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ስትመጣ እናቴን ቀና ብላ አታያትም ነበር። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፣ ዞራ ትሄዳለች።

በተከታዩ ዓመት በዓሉ ሲቃረብ የአዘጋጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር ቤተ መጻሕፍቱ መጣ። መድኃኒት ቤት ያለው፣ ከኮቱ የመድኃኒት ሽታ የማይጠፋ ደግ ሰው ነው። እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ በእናቴ ጠረጴዛ ሥር፣ እግሯ አጠገብ፣ ሥዕል እየቀባሁ ነበር።

«እህቴ፣ እንደተለመደው ጥያቄዎቹን በጊዜ እንድታደርሽልን» አለ።

እናቴ ከትንንሾቹ ወረቀቶች አንዷን ሳበች፣ ጻፈችበት፣ ወደ እሱ ገፋችለት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆኑ ነው፤ ለእኔ የሚገርም ነገር አልነበረውም። ሊቀመንበሩ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«አንቺ? ራስሽ?»

ከጠረጴዛው ሥር የማየው ጫማዋን ብቻ ነው። ተረከዟ አልተነቃነቀም።

«አይ... እህቴ፣ በእውቀትሽ አይደለም። በእውቀትሽማ ማን ይደርስብሻል! ግን ያ ሁሉ ሰው... መድረክ ነው እኮ... ለራስሽ ብዬ ነው።»

ከዚያ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ዝቅ ያለ ነው፣ ቃሎቹ አንድ በአንድ እንደሚቀመጡ ሳህኖች ናቸው።

«ጥያቄው የኔ ነው። እኔ... እጠይቃለሁ።»

ሊቀመንበሩ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «እሺ። እሺ። ነጎድጓዱ ግን ከመጋረጃው አጠገብ ይቁም። ምናልባት... ካስፈለገ ይቀበልሻል።»

እኔ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ከጠረጴዛው ሥር እየዳህኩ ወጥቼ «እማዬ ልትጠይቅ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አንባቢዎቹ ሁሉ ቀና አሉ። እናቴ በጣቷ ወደ ሰሌዳው አመለከተች፤ ዓይኖቿ ግን እየሳቁ ነበር።

ወሬው ቤታችን ውስጥ እኔ እንደጠበቅሁት አልተስተናገደም። አባቴ የዚያው አዳራሽ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ መብራቱንም ድምፅ ማጉያውንም የሚቆጣጠረው እሱ ነው። በዚያ ሰሞን ምሽት ላይ አክስቴ መጥታ ወጥ ቤት ውስጥ ከእሱ ጋር ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው።

«ያ ነገር ከመጣባትስ?» ይላል አባቴ።

«አይመጣባትም።»

«ከመጣባትስ ነው የምልሽ!»

«ከመጣ ይምጣ። አንተ ምን አስፈራህ? የምትወጣው እሷ።»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ። እኔ ብሆን መብራት አጥፍቼ እሮጥ ነበር።»

«ትንሽ ልጅ ሆና ያ ነገር ከመጣባት ቀን ጀምሮ እኔ ነኝ የማወራላት» አለች አክስቴ። «መድረክ ላይ ግን አብሬያት አልወጣ።»

«ያ ነገር» ማለት ሰው ነው አልኩ። መጥፎ ሰው፣ ምናልባት አበዳሪ፣ ምናልባት የድሮ ጠላት፤ እናቴን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያሳድድ። በበዓሉ ቀን አዳራሽ ድረስ ሊመጣባት ይችላል። መልኩንም ሳልኩት፤ ጥቁር ካፖርት ለባሽ፣ ጥርሱ የወርቅ።

እናቴ ግን የፈራች አትመስልም ነበር። ጥያቄዎቿን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በቀይ እርሳስ ትሰርዛለች፣ ትጽፋለች። እኔ ከጎኗ ወንበር ላይ ተንበርክኬ አያለሁ። ያኔ ማንበብ እችላለሁ፤ የምትሰርዘው ቃል ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው፦ ማን፣ ምን፣ መቼ። «የመኸር በዓል የሚከበረው መቼ ነው?» የሚለውን ሰርዛ «የመኸር በዓል የሚከበረው በስንተኛው ወር ነው?» ብላ ጻፈች። «ባንዲራውን የሰፋው ማን ነው?» የሚለው «ባንዲራውን የሰፋውን ሰው ስም ተናገሩ» ሆነ።

«ለምን ታጠፊዋለሽ?» አልኳት።

«እነዚህ ቃላት ያስቸግራሉ» አለችኝ።

«ተወዳዳሪዎቹን?»

ትንሽ አሰበችና «አዎ» አለች። «ተወዳዳሪዋን።»

ጥያቄን ያለ ጥያቄ ቃል መጠየቅ! ከዚህ በላይ ብልሃት ከየት ይመጣል? በማግስቱ ለክፍል ጓደኞቼ፣ እናቴ «ማን» እና «ምን» እና «መቼ» ሳትል ዓለምን በሙሉ መጠየቅ ትችላለች ብዬ አወራሁ። ዛሬ እኔም ልጆች ያሳደግሁ ሴት ሆኜ፣ አንዳንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ በዚያ መንገድ ጥያቄ ለማዘጋጀት እሞክራለሁ። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ውስጥ ዋና ዋናው መጠየቂያ በዚያች በአንዲት ድምፅ፣ ከንፈር በምትዘጋው በ«መ» መጀመሩ ለአንዲት ጠያቂ ምን ዓይነት ክፋት እንደሆነ የሚገባው ሞክሮ ያየ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልትሰርዘው አትችልም ነበር። ውድድሩ እኩል ለእኩል ካለቀ፣ የመጨረሻው ጥያቄ ከሕዝብ ሣጥን ይወጣል። ሣጥኑ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይቀመጣል፤ የከተማው ሰው የፈለገውን ጥያቄ ከነመልሱ ጽፎ ይከትበታል። ማን ምን እንደጻፈ እስከዚያች ደቂቃ አይታወቅም። እናቴ ይህን ታውቃለች። በየቀኑ ወደ ሥራ ስትሄድ በዚያ ሣጥን አጠገብ ታልፋለች።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። እናቴ አክስቴ የሰፋችላትን ሰማያዊ ቀሚስ ለበሰች። አክስቴ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ጠርዙን ስታስተካክል፣ ክር ስትበጥስ ነበር። በአዳራሹ ሰው ከሰው ተጣብቋል፤ በሩ ላይ የቆሙ አሉ፤ መስኮት ላይ የተንጠለጠሉ አሉ። የአበባ ሽታ፣ የጫማ ቀለም ሽታ፣ የሕፃን ወተት ሽታ። እኔ ከአክስቴ ጎን ፊት ለፊት ተቀመጥኩ፤ ግን ወደ መድረኩ ሳይሆን ወደ ኋላ እያየሁ ነበር። ጥቁር ካፖርት እፈልጋለሁ።

«ምን ሆነሽ ነው አንገትሽ የሚጠማዘዘው?» አለችኝ አክስቴ።

«ያ ነገር መጣ እንዴ?»

ፊቷ ልውጥ አለ። «የቱ ነገር?»

«እማዬን የሚያሳድዳት። ለአባባ ስትነግሪው ሰምቻለሁ።»

አክስቴ ወደ ደረቷ ጥብቅ አደረገችኝ፤ በጨርቁ ውስጥ የቀረች መርፌ ጉንጬን ቧጠጠችኝ። «አልመጣም» አለችኝ። «ቢመጣም እናትሽ ከእኛ ይልቅ ታውቀዋለች። አብረው ነው ያደጉት።»

መጋረጃው ተከፈተ። እናቴ ብቻዋን ድምፅ ማጉያው ፊት ቆማለች። ነጎድጓዱ ከጎን፣ በመጋረጃው እጥፋት ውስጥ፣ እጆቹን ሆዱ ላይ አድርጎ ይጠባበቃል። ከላይ በትንሿ መስኮት የአባቴ ጭንቅላት ይታያል።

እናቴ ጠየቀች። ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ ግን ንጹሕ ነበር። «በዓመቱ አጭሩ ቀን በስንተኛው ወር ይውላል?» «ሠራተኞች በቀናቸው የሚይዙትን የአበባ ቀለም ተናገሩ።» ከእያንዳንዱ ጥያቄ በፊት ትቆማለች። ዝም። ከዚያ ትጠይቃለች። በእነዚያ ዝምታዎች ውስጥ አዳራሹ እንደሚጠብቅ ድመት ሆነ። ነጎድጓዱ በጠየቀባቸው ዓመታት ሰው ለውዝ ይፈለፍላል፣ ያወራል፣ ልጅ ያባብላል። ዛሬ አንድ ቅርፊት እንኳ አይሰማም። እንዴት አወቀችበት! አልኩ። መጠየቅ ማለት እንዲህ ነው፤ ሰውን ማስራብ፣ ከዚያ ማጉረስ።

የሴቶቹ ትምህርት ቤትና የሙያ ትምህርት ቤቱ እኩል ነጥብ ይዘው ጨረሱ።

ሣጥኑ መጣ። ሊቀመንበሩ እጁን ከትቶ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አወጣ፣ ገለጣት፣ አነበባት። ፊቱ ገረጣ። ወደ ነጎድጓዱ አየ። ከዚያ ወረቀቷን አጥፎ መልሶ ሊከታትና ሌላ ሊያወጣ እጁን ወደ ሣጥኑ ላከ። እናቴ እጇን ዘረጋችበት። መዳፏ ወደ ላይ ነው፤ ልጅ ከረሜላ ሲጠይቅ እንደሚያደርገው። ሊቀመንበሩ አንገቱን ነቀነቀ። እሷ እጇን አላጠፈችም። ሰጣት።

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «መጀመሪያ በዓሉ በከተማችን ሲከበር መድረክ ላይ ወጥታ መዝሙሩን የመራችው ማን ነበረች?» ማን እንደጻፈው እስካሁን አይታወቅም። ክፋት የለበትም፤ ጥሩ ጥያቄ ነው።

እናቴ ቀና አለች። ከንፈሯን ገጠመች። ቆመች።

መጀመሪያ እንደ ሌሎቹ ዝምታዎች መሰለ። ከዚያ ረዘመ። ከዚያም በጣም ረዘመ። አንገቷ ላይ አንድ ጅማት ተነስቶ ታየኝ፤ አገጯ በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል። በዓለም ላይ እንደዚያ ያለ ቆንጆ ነገር አላየሁም ነበር። ያ ሁሉ ሰው፣ ሊቀመንበሩ፣ ባለሹሩባዋ ልጅ፣ በመስኮት የተንጠለጠሉት፣ ሁሉም በእናቴ ከንፈር ላይ ተሰቅለዋል! ከጎኔ የተቀመጡትን አዛውንት ጎንተል አድርጌ «የኔ እናት ናት» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ጉንፋን ነው አልኩ።

አክስቴ የአንገት ልብሷን ጫፍ ጥርሷ ውስጥ አስገብታ ነክሳለች። ራብ የያዛት መሰለኝ። ቃሉን እንዳትጨርስላት አፏን እየዘጋች እንደነበር የነገረችኝ ኋላ ነው።

ከኋላችን አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። አክስቴ ጨርቁን ከአፏ አውጥታ ዞረች። «ጥርስህን ልታሳየን ከሆነ አይተነዋል፣ መልሰህ ክደነው!» ሳቁ እዚያው ሞተ።

ያኔ ነጎድጓዱ ከመጋረጃው ወጣ። በእግሩ ጣት እየተራመደ፣ እንደ አስታማሚ፣ እጁን ወደ ድምፅ ማጉያው ዘርግቶ መጣ። እናቴ ሳታየው፣ ፊቷን ከሕዝቡ ሳታዞር፣ ግራ እጇን አነሳች። ቁም። ያ ትልቅ ሰው ባለበት ቀረ፤ አንድ እግሩ ገና መሬት በቅጡ አልነካም። አባቴ ዛሬም እየሳቀ ይናገረዋል፦ በዚያች ደቂቃ ጣቱ የድምፅ ማጉያው ማጥፊያ ላይ ነበር፤ መብራት ተቋረጠ ብሎ ሊገላግላት። ጠዋት ቤት ውስጥ ግን «ካጠፋኸው እንጀራ ፈላጊ ሆነህ ወደዚህ በር እንዳትመጣ» ብላዋለች። ጣቱን አነሳ።

«መ—» አለች እናቴ።

በድምፅ ማጉያው ወጥቶ ግድግዳውን መታ።

«መ— መ— መ— መጀመሪያ...»

ከበሮ ነው! አልኩ። ቃሉን እንደ ከበሮ እየመታች ነው የምታስገባው።

«...በዓሉ በከተማችን ሲከበር፣ መ— መድረክ ላይ ወጥታ...» እዚህ ላይ እንደገና ቆመች፤ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከፈተች፤ «መ— መዝሙሩን የመራችው፣ ም— ማ— ማ—»

ማንም አልተነፈሰም። ማንም አልጨረሰላትም።

«ማን ነበረች?»

የሙያ ትምህርት ቤቱ ልጅ እጁን አወጣ። በዚያን ቀን የመዘምራኑ መሪ ታሞ ቀርቶ፣ ፖስታ ቤት ቴምብር ትሸጥ የነበረች ሴት ናት ወጥታ የመራችው አለ፤ አያቱ ነግረውታል። እናቴ የወረቀቷን ጀርባ ገልብጣ አየች። «ትክክል ነህ» አለች። የሴቶቹ ትምህርት ቤት በድጋሚ ተሸነፈ፤ ያች ሹሩባ ያላት ልጅ ግን ከሁሉም ቀድማ ብድግ ብላ አጨበጨበች። የምታየው ወዳሸነፈው ልጅ አልነበረም። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። ጭብጨባው ለአሸናፊው ነው ብለው ለአሸናፊው ሽልማት ሊሰጡ የወጡት ሰዎች ዋንጫውን ይዘው መሀል ላይ ቆመው ቀሩ።

ከመድረክ ስትወርድ ዳቦ ጋጋሪዋ ልጇን በእጁ እየጎተተች መጣች። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ከእኔ ክፍል ነው፤ «ዝምተኛው» ነው የምንለው። አስተማሪ ሲጠይቀው ወለሉን ያያል። እናቱ ከኋላ ገፋ አደረገችው።

«እ— እትዬ» አለ። ፊቱ ቀላ። «ቃ— ቃ— ቃሉ እምቢ ሲልዎት ም— ም— ም—»

ተናደድኩ፤ ደግሞም ኮራሁ። እናቴ ገና ከደረጃው ሳትወርድ እሷን መኮረጅ ተጀመረ! እናቴ ግን በአዲሱ ቀሚሷ አቧራው ላይ ቁጢጥ ብላ ፊቱን ከፊቷ ጋር አስተካከለች። ሰው ዙሪያዋን ከቦ እጇን ሊጨብጥ ይጋፋል፤ እሷ ወደ ማንም አትዞርም። የልጁን ቃል አልነጠቀችውም። ጠበቀችው።

«...ምን ያደርጋሉ?»

«እቆማለሁ» አለችው። «አልለምነውም፣ አላባርረውም። የኔ ቃል ነው፤ ወደ ሌላ ሰው አይሄድም። መ— መ—» ብላ እሷው ተያዘች፤ ልጁ አያት፤ ሁለቱም አብረው ሳቁ። «መምጣቱ አይቀርም።»

ከዚያን ዓመት በኋላ ጡረታ እስክትወጣ ጥያቄውን የጠየቀችው እሷ ናት። ቀይ እርሳሱን ትታዋለች። ማንንም፣ ምንንም፣ መቼንም እንደ ልቧ ትጽፋለች፤ በመጣላት ጊዜ ትናገረዋለች። እኔ እውነቱን ያወቅሁት አድጌ፣ ጡት ያስጣልኩት ልጄ አፉን ሲፈታ ሳለ ነው። ስለ እናቴ የመድረክ ብልሃት ለአክስቴ አወራላት ጀመር። አክስቴ መቀሷን አስቀመጠች። «ብልሃት?» አለች። «ልጄ፣ መንተባተብ ነው እኮ!» ከዚያ ሳቀች፣ ሳቀች፣ መጨረሻ ላይ በመቀሱ ፊት ቁጭ ብላ አለቀሰች። «እንዴት ሳታውቂ?» ትለኛለች። እናቴን ሄጄ ስጠይቃት፣ ከእኔ ጋር አንድም ቀን ለምን እንዳልተያዘች ስጠይቃት፣ «አንቺ ስትሰሚኝ የምትጠብቂው ነገር ስላልነበረ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኩራቴ የጨመረ እንጂ የቀነሰ የለም። ልጅ ሆኜ በተሳሳተ ምክንያት ኮርቼባት ነበር፤ ትክክለኛው ምክንያት ከዚያ ይበልጣል።

በበዓሉ ማግስት ትምህርት ቤት ውስጥ ሌላ ጨዋታ አልነበረም። በዕረፍት ሰዓት ከክፍላችን ፊት ያለው ደረጃ መድረክ ሆነ። የጠያቂዋ ልጅ ስለሆንኩ መጀመሪያ እኔ ወጣሁ። ከንፈሬን ገጠምኩ፣ ቆምኩ፣ ግን ሆዴ ውስጥ ሳቁ ፈነዳና ጥያቄው ቶሎ አመለጠኝ። «አልቻልሽበትም!» አሉኝ። ሌላ ልጅ ወጣ፤ እሱም ቸኮለ። ሦስተኛዋ «መ— መ—» ስትል እንደ ፍየል ሆነባትና ሁላችንም በሳቅ ወደቅን።

ዝምተኛው ከዛፉ ሥር ቆሞ ያያል።

«እሱ ይችላል» አልኩ። «ትናንት እማዬ ፊት ሲያደርገው ሰምቻለሁ። በጣም ነው የሚችለው።»

ሁሉም ዞረው አዩት። ወለሉን የሚያየው ልጅ ወደ እኛ ቀና አለ፤ የምቀልድበት መስሎት ፊቴን መረመረ። አልቀለድኩም ነበር። አንዱ እጁን ይዞ ጎተተው፤ ሌላው ከደረጃው ላይ ገለል አለለት። ወጣ። አስተማሪያችን በመስኮት ብቅ አለች፣ ልትናገር አስባ ተወችው።

ልጁ ሸሚዙን ወደ ታች ሳበ። ከንፈሩን ገጠመ።

ወሬው ቆመ። ኳሷን ይዞ የነበረው ልጅ በብብቱ ሸጎጣት። ከሌላ ክፍል ሲሮጡ የነበሩት እንኳ ምን ተገኘ ብለው ቆሙ። ጠያቂያችን ሊጠይቀን ነበር፤ እኛም ጠበቅነው።